መሣሪያው የማን ነው?

አዲስ መሣሪያ ወደ ሥራ መስክ ሲገባ፣ ከብልሃቱ አስቀድሞ በጥሞና ሊጤን የሚገባው የባለቤትነቱ ጥያቄ ነው። የካሊፎርኒያ መንግሥታዊ ዩኒቨርስቲ በጥር ወር 2017 ዓ.ም. ከኦፕን ኤአይ ኩባንያ ጋር ተዋውሎ፣ ቻት ጂፒቲ የተባለውን የሰው ሠራሽ አስተውሎት ከ460,000 ለሚበልጡ ተማሪዎቹና ከ63,000 ለሚበልጡ መምህራንና ሠራተኞቹ እንደሚያዳርስ ሲያስታውቅ፣ ራሱን በግንባር ቀደምትነት አቅርቧል። ሁለት ሳምንት ባልሞላ ጊዜ አስቀድሞ፣ ከዚሁ ተቋም ካምፓሶች አንዱ የሆነው ሶኖማ የፍልስፍናና የኢኮኖሚክስ ክፍሎችን እንደሚዘጋ፣ መምህራንንም እንደሚያሰናብት ገልጾ ነበር።

እርግጥ ነው፣ የሶኖማን በጀት ያጎደለው ይህ ውል አይደለም፤ የተማሪው ቁጥር ለዓመታት ሲያሽቆለቁል ቆይቷል። ባለጸጋው ተማሪ በወር 20 ዶላር ከፍሎ የሚጠቀምበትን መሣሪያ የላብ አደሩም ልጅ ማግኘቱ የሚናቅ አይደለም። ይሁን እንጂ ለ18 ወራት 16.9 ሚሊዮን ዶላር የተቆረጠለት አገልግሎት ኪራይ እንጂ ንብረት አይደለም። የሚሺጋን ዩኒቨርስቲ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. በራሱ ስም ያቋቋመው አገልግሎት የተማሪውን ጽሑፍ ለማሽን ማሠልጠኛነት አሳልፎ አይሰጥም፤ የሚያንቀሳቅሱት ሞዴሎች ግን እዚያም የኩባንያ ሥራ ናቸው። ትምህርቱ በተከራዩት መሣሪያ ከተቃኘ በኋላ ውሉ ሲያልቅ፣ የሚቀጥለውን ዋጋ የሚቆርጠው ሻጩ ይሆናል።