አቧራውን ፈርተን፣ ጭሱን ለምደን

የመጋቢት ከሰዓት ነው እንበል፤ ቦታው ኮኪት፣ ከገንዳ ውሃ ወደ መተማ ዮሐንስ በሚወስደው መንገድ ላይ። ሙቀቱ ከባድ ነው። ነፋስ ይነሳል፣ የጭነት መኪና ያልፋል፣ ጠረጴዛው ላይ በጣት ስም መጻፍ እስኪቻል አቧራ ይተኛል። አስም ያለበት ልጅዎ አጠገብዎ ተቀምጧል። ውጭ አገር ያለ ዘመድ የላከልዎትን አነስተኛ የአየር ብክለት መለኪያ ዞር ብለው ሲያዩት ግን አረንጓዴ ነው። ማታ ምጣዱ ሲጣድ ደግሞ ቀይ ያበራል። «ይሄ ነገር ተበላሽቷል» ብለው ሊጥሉት ያስባሉ።

አይጣሉት። መሣሪያው የሚያውቀውን እየነገረዎት ነው፤ ምን እንደሚያውቅና ምን እንደማያውቅ መለየት የእርስዎ ድርሻ ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። ትንሽ ማራገቢያ አየር ወደ ውስጥ ይስባል፤ በአየሩ መሃል የሌዘር ብርሃን ያልፋል፤ ብናኞቹ ብርሃኑን ሲበትኑት መሣሪያው ብዛታቸውን ይገምታል። በተለይ የሚከታተለው ከ2.5 ማይክሮሜትር ያልበለጡትን ነው። የአንድ ፀጉር ውፍረት የዚህን 30 እጥፍ ገደማ ይሆናል። የጭስ ብናኝ በአብዛኛው ከዚህ መጠን በታች ነው። ከመንገድ የሚነሳው አፈር ግን አብዛኛው ይተልቃል፤ ርካሽ መለኪያዎች ደግሞ ትላልቁን ብናኝ በደንብ አይቆጥሩም። ስለዚህ በአቧራ ቀን አረንጓዴ ሲበራ «አየሩ ንጹሕ ነው» ብለው ልጁን ደጅ አይልቀቁ። ዓይንዎን ይመኑ፤ መስኮት ይዝጉ፣ ወለሉንም በደረቁ ከመጥረግ በእርጥብ ጨርቅ ይወልውሉ።

ቀዩን ግን በቁም ነገር ይውሰዱት። ደቃቁ ብናኝ ወደ ሳንባ ጥልቅ ክፍል ይገባል፤ ከፊሉም ከደም ጋር ይቀላቀላል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው መመሪያ የ24 ሰዓት አማካዩ በአንድ ሜትር ኩብ አየር ከ15 ማይክሮግራም እንዳይበልጥ ይመክራል። በእንጨት በሚጋገርበት ማድቤት ቁጥሩ በመቶዎች ይቆጠራል። ቡና ሲቆላም ይወጣል። መተማ የዕጣን ዛፍ አገር ነው፤ መዓዛው ደስ ቢልም ለሳንባ የዕጣን ጭስም ጭስ ነው።

ይህ የቆላ ጉዳይ ብቻ አይምሰልዎት። አዲስ አበባ ላይ ብዙዎች የአየሩን ሁኔታ ይከታተሉ የነበረው በአሜሪካ ኤምባሲ መለኪያ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2025 አሜሪካ በዓለም ዙሪያ ካሉ ኤምባሲዎቿ የሚወጣውን ይህን መረጃ ለሕዝብ ማሰራጨት አቆመች። ትንንሾቹ መለኪያዎች ይበልጥ ያስፈለጉት ለዚህ ነው። በካምፓላ የሚገኘው የማኬሬሬ ዩኒቨርሲቲ «ኤርኮ» የተባለው ፕሮጀክት ለአፍሪካ ከተሞች አቧራና ሙቀት የሚስማሙ መለኪያዎችን እዚያው ይሠራል።

መሣሪያው ካለዎት እነዚህን ልብ ይበሉ፦

ቦታው፦ ልጁ የሚተኛበት ክፍል ውስጥ፣ በእሱ ቁመት ልክ ያስቀምጡት። ማድቤት ውስጥ ማስቀመጥ የሚነግርዎ አስቀድመው የሚያውቁትን ነው።

ንባቡ፦ አንዱን ቁጥር አጥብቀው አይያዙ፤ ለውጡን ይከታተሉ። ለአንድ ሳምንት ሰዓቱንና በዚያ ሰዓት ቤት ውስጥ ምን ይሠራ እንደነበር ይጻፉ።

ክረምቱ፦ እርጥበት ብናኙን ስለሚያሳብጥ ቁጥሩ ከእውነታው በላይ ሊወጣ ይችላል።

ከሰሉ፦ ይህ ከሁሉም ይበልጣል። የጋመ ከሰል ጭስ ባይታይበትም የሚገድለውን ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል፤ ይህ መሣሪያ ደግሞ ጋዝ አይለካም። አረንጓዴ በርቷል ብለው ከሰል ያለበት ክፍል ዘግተው አይተኙ።

መለኪያው ሐኪምን አይተካም፤ ልጁ ትንፋሽ ካጠረው ቁጥር ሳያዩ ወደ ጤና ተቋም ይውሰዱት። መለኪያ የሌለዎትም ቢሆኑ ዋናውን ነገር ማድረግ ይችላሉ። ሲጋገር የማድቤቱ በርና መስኮት ይከፈት፤ ወደ መኝታ ክፍል የሚያስገባው በር ይዘጋ፤ ልጁም ከምጣዱ ርቆ ይጫወት። ጋጋሪዋም ሳንባ እንዳላት አይርሱ፤ ጭስ መውጫ ያለው ምድጃ ለእሷም ለልጁም ነው።