የሚዘነጉ አረጋውያንና የመድኃኒት ባለሙያው



አረጋውያን መዘንጋት ሲጀምሩ በየቤታችን የሚሰጠው ፍርድ አጭር ነው። «ጃጁ» ይባልና ነገሩ በዚያው ይዘጋል። እርጅና ያመጣውን ማን ይመልሰዋል ተብሎ ከንፈር ይመጠጣል እንጂ ምክንያቱን የሚመረምር ጥቂት ነው። እኔ ግን ዛሬ አንድ ጥያቄ አቀርብላችኋለሁ፤ ይኸውም አባታችሁ ወይም አያታችሁ መዘንጋት በጀመሩ ጊዜ፥ «ጃጁ» ከማለታችሁ በፊት፥ በየቀኑ የሚውጡትን መድኃኒት ቆጥራችሁ ታውቃላችሁን?

እንበልና በባኮ ከተማ የሚኖሩ አንድ አዛውንት አሉ። ባኮ ከአዲስ አበባ ወደ ነቀምቴ በሚወስደው መንገድ ላይ 250 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ የበቆሎ አገር ናት። እኒህ አዛውንት ስኳርና የደም ግፊት አለባቸው። የስኳሩን ኪኒን እዚያው ባኮ ይወስዳሉ፤ የግፊቱ አምቦ ወርደው የታከሙ ጊዜ የታዘዘላቸው ነው። አዲስ አበባ በአንድ መሥሪያ ቤት የተቀጠረው ልጃቸው ደግሞ «ይህ ይሻላል» ብሎ በሚያውቀው ሾፌር እጅ ሌላ ፓኮ ይልካል። እንቅልፍ እምቢ ባላቸው ሌሊት ጎረቤት ከራሱ መድኃኒት ሁለት ፍሬ ይሰጣቸዋል። ጉንፋን ሲይዛቸውም አንድ የቤት ልጅ ተልኮ ሌላ ኪኒን ገዝቶ ይመጣል። ይህ ሁሉ በአንድ ፌስታል ውስጥ ታስሮ ከራስጌያቸው ይቀመጣል። የአምቦው ሐኪም የባኮውን አላየም፤ ልጁም ሁለቱንም አያውቅም። አዛውንቱም ጧት የዋጡትን ይረሱና ቀትር ላይ ይደግሙታል።

እንግዲህ ይህን ፌስታል ገልብጦ ሁሉንም በአንድነት ሊመረምር የሚችል ማነው? በትንሽ ከተማ ለሚኖር ሰው ከሁሉ የሚቀርበው የመድኃኒት ባለሙያው፥ ማለት ፋርማሲስቱ ነው። እኛ ግን እርሱን እንደ ሌላ ባለሱቅ ቆጥረን ገንዘብ በመስኮት አሳልፈን፥ ብልቃጡን ተቀብለን እንሄዳለን። እውቀቱን ሳንጠይቅ ዕቃውን ብቻ እንገዛለን።

የመዘንጋት በሽታ፥ በሐኪሞች ቋንቋ ዲሜንሺያ፥ በእውነት ያለና የከፋ በሽታ ነው። በብዛት የሚታየው ዓይነት በጀርመናዊው ሐኪም በአሎይስ አልዛይመር ስም ይጠራል፤ እርሳቸው ስለዚህ በሽታ ለሙያ ባልደረቦቻቸው የገለጡት እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1906 ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ2021 በዲሜንሺያ የተያዙ ሰዎች 57 ሚሊዮን ደርሰው ነበር፤ ከእነዚህም ከመቶ 60 በላይ የሚሆኑት የሚኖሩት ገቢያቸው ዝቅተኛና መካከለኛ በሆኑ አገሮች ነው። አልዛይመርን ፈጽሞ የሚያድን መድኃኒት እስካሁን አልተገኘም።

ነገር ግን መዘንጋት ሁሉ ይህ በሽታ አይደለም። ቢ12 የተባለው ቪታሚን ሲጎድል፥ የእንቅርት ዕጢ ሥራ ሲደክም፥ ሰው በኀዘን ሲጎዳም አእምሮ ይደነግዛል፤ እነዚህም ሕክምና አላቸው። ከዚህም በላይ፥ ይልቁንም ለዛሬው ነገራችን ዋናው ይህ ነው፤ መድኃኒት ራሱ ያዘነጋል።

እንዴት ቢባል፥ በአእምሯችን ውስጥ አሴቲልኮሊን የሚባል መልእክተኛ ቅመም አለ፤ ለማስታወስ ችሎታችንም በጣም አስፈላጊ ነው። በአልዛይመር በሽተኛ አእምሮ ውስጥ ይህ ቅመም ይቀንሳል። ዶኔፔዚል የተባለው መድኃኒት ያለው ቅመም ቶሎ እንዳያልቅ ያደርጋል። በአንጻሩ ደግሞ የዚህን ቅመም ሥራ የሚያግዱ፥ በየመድኃኒት ቤቱ የታወቁ መድኃኒቶች አሉ። ለጉንፋንና ለማሳከክ የሚሰጠው ክሎርፌኒራሚን፥ ፕሮሜታዚን፥ ለድብርትና ለነርቭ ሕመም የሚታዘዘው አሚትሪፕቲሊን ከእነዚህ ይቆጠራሉ። ለወጣት ጥቂት ማንቀላፋት የሚያመጣው ክኒን ሽማግሌውን ሊያቃዣቸውና ቤታቸውን ሊያስጠፋቸው ይችላል። ዶኔፔዚልንና አሚትሪፕቲሊንን ለአንድ ሰው አብሮ መስጠትም አንዱ የሠራውን ግድግዳ ሌላው እንዲያፈርሰው ማድረግ ነው።

ለእንቅልፍ የሚወሰደው ዲያዜፓም፥ ብዙዎች ቫሊየም በሚለው ስሙ የሚያውቁት፥ ሌላው ነው። በእርጅና ጉበትና ኩላሊት ስለሚደክሙ ዛሬ የተዋጠው ክኒን ለቀናት ከሰውነት ሳይወጣ ይቆያል፤ በላዩ ሌላ ሲጨመርበትም ይከማቻል። አዛውንቱ ይደነግዛሉ፥ ሌሊት ሲነሡ ይወድቃሉ፥ ዳሌያቸው ይሰበራል። ማታ አንድ መለኪያ አረቄ ከታከለበት አደጋው የባሰ ይሆናል።

የስኳሩ መድኃኒት ግሊበንክላማይድ ወይም በንግድ ስሙ ዳኦኒል ደግሞ ተረስቶ ሲደገም፥ ወይም ምግብ ሳይበላ ሲዋጥ፥ የደም ስኳር ከልክ በታች ይወርዳል። ሰውየው ያልባቸዋል፥ ይንቀጠቀጣሉ፥ የሚናገሩት ይጠፋቸዋል። ቤተ ሰቡ «ዛሬስ ፈጽሞ ጃጁ» ሲል ነፍሳቸው ልታልፍ ትችላለች። ከአዲስ አበባ የተላከው ፓኮ በሌላ ስም የተጻፈ ያው መድኃኒት ቢሆንስ? ልጁ በፍቅር የላከው ስጦታ የአባቱን መጠን እጥፍ አደረገ ማለት ነው።

የተቈጡ ወይም ሌሊት የሚንከራተቱ አረጋውያንን ለማረጋጋት ሃሎፔሪዶልና እርሱን የመሰሉ የአእምሮ መድኃኒቶችን መስጠትም የተለመደ ነው። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ከ2008 ጀምሮ እነዚህ መድኃኒቶች ዲሜንሺያ ባላቸው አረጋውያን ላይ ሞትን እንደሚጨምሩ አስጠንቅቋል። ሐኪም አስቦና መዝኖ ሊያዝዛቸው ይችላል፤ ቤተ ሰብ «ጸጥ ያድርግልን» ብሎ በራሱ ሊገዛቸው ግን አይገባም።

ፋርማሲስቱስ ምን ያደርጋል? በመጀመሪያ የመድኃኒቶቹን እውነተኛ ስም አይቶ በሁለት ስም የተደገመውን ይለያል። ሁለተኛ፥ እርስ በርሳቸው የሚጣሉትንና ለአረጋውያን የማይመቹትን ያወጣል፤ ለዚህም መመሪያ አለው። አሜሪካዊው ሐኪም ማርክ ቢርስ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1991 ያወጡት የመድኃኒቶች ዝርዝር እየታደሰ እስከ ዛሬ በብዙ አገር ያገለግላል። ሦስተኛ፥ ያየውን ጽፎ ወደ ሐኪሙ ይልካል። በቀን አራት ጊዜ የሚዋጠው በአንድ ጊዜ ሊተካ ይችል እንደሆነ የሚወሰነው ሁለቱ ሲመካከሩ ነው። አራተኛ፥ መድኃኒቱን የሚያስውጠው ሰው ማን እንደሆነ ጠይቆ ለዚያ ሰው ያስረዳል፤ «እስቲ መልሰህ ንገረኝ» ብሎም ያረጋግጣል። ይህን ሲያደርግ ግን አዛውንቱን እንደ ዕቃ አልፎ ከልጁ ጋር ብቻ መነጋገር አይገባውም። «አባባ፥ ዛሬ ጧት የትኛውን ዋጡ?» ብሎ አስቀድሞ እርሳቸውን መጠየቅ ክብርም ነው፥ ምርመራም ነው።

በአገራችን ደግሞ ሌላ ችግር አለብን። በወረቀት ላይ 8:00 ተብሎ የተጻፈው ለፈረንጅ ጧት ነው፤ ለእኛ ግን ስምንት ሰዓት ከቀትር በኋላ ነው። በፓኮው ላይ የታተመው የአገልግሎት ማብቂያ ዓመትም በአውሮጳ አቆጣጠር ስለሆነ፥ በእኛ ዘመን የሚያስበው ሰው ያለፈበትን መድኃኒት ገና ሰባት ወይም ስምንት ዓመት የሚቀረው ይመስለዋል። ስለዚህ ጥሩ ባለሙያ ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር፥ በቤቱም ቋንቋ ይጽፋል። በባኮ ለምትኖር አስታማሚ «ገነማ» እና «ገልገላ» ተብሎ በኦሮምኛ የተነገራት ጧትና ማታ፥ በእንግሊዝኛ ከታተመ ረጅም ወረቀት ይልቅ ትጠቅማታለች።

የባኮ ገበሬ የበቆሎውን ምርጥ ዘር ስምና ቁጥር ለይቶ ያውቃል፤ ማዳበሪያውንም በልክ ይጨምራል እንጂ ጎረቤት የሰጠውን ሁሉ ደባልቆ አይበትንም። ለማሳው የሚያደርገውን ጥንቃቄ ለአባቱ ሰውነት ማድረግ አያቅተውም፤ የሚነግረው ሰው ግን ያስፈልገዋል።

ያ ሰው እናንተ ናችሁ። በቤታችሁ ማንበብ የምትችሉት፥ ደመወዝ ተቀብላችሁ መድኃኒት የምትልኩት እናንተ ናችሁና። ስለዚህ በሚመጣው በዓል ወደ አገር ቤት ስትገቡ ይህን አድርጉ። ከትራስ ሥር፥ ከመሶብ ሥር፥ ከሣጥን ውስጥ ያለውን መድኃኒት ሁሉ ሰብስቡ፤ የጎረቤቱንና የባህሉን መድኃኒት አትተዉ። ወደ ፋርማሲ ይዛችሁ ሂዱና ሰው በማይበዛበት ሰዓት «እባክዎ ይመልከቱልን» በሉ። ነጭ ካፖርት የለበሰ ሁሉ ፋርማሲስት አይደለምና ማንነቱን በትሕትና ጠይቁ። የተነገራችሁን በአንድ ወረቀት ጽፋችሁ ከግድግዳው ላይ ለጥፉ፤ ሐኪም ዘንድ ሲኬድም ወረቀቱ አብሮ ይሂድ። ሣጥኑ ቁልፍ ይኑረው፤ ቁልፉም በአንድ ሰው እጅ ይሁን። ለበቆሎው ነቀዝ ማጥፊያ የሚገዛው የአሉሚኒየም ፎስፋይድ ኪኒን በምንም ምክንያት ከመድኃኒት አጠገብ አይቀመጥ፤ አንዲቱ ብቻ ብትዋጥ ነፍስ ታጠፋለችና።

አንድ ነገር ግን አደራ። ይህን አንብባችሁ መድኃኒቱን በራሳችሁ እጅ ድንገት አታቋርጡ። ብዙ ጊዜ የተወሰደ ዲያዜፓም በአንድ ቀን ሲቆም እስከ መንዘፍዘፍ የሚያደርስ ጉዳት ያመጣል፤ የሚቀነሰው ቀስ በቀስ፥ በሐኪም ትእዛዝ ነው።

አባቶቻችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላሉ። ዛሬ ደግሞ የሚውጠውን መድኃኒት የደበቀ ጤና አይገኝለትም ብንል ከእውነት አንርቅም። ያ ፌስታል ተፈትቶ ሲታይ ምናልባት በሽታው እውነተኛው አልዛይመር ሆኖ ይገኝ ይሆናል፤ ያን ጊዜም ቢሆን አዛውንቱ ከመውደቅና ከመመረዝ ድነው በሰላም ይጦራሉ። ምናልባት ግን የዘነጉት ስለ ጃጁ ሳይሆን ስለ መድኃኒቱ ይሆንና፥ የልጅ ልጆቻቸውን ስም እንደገና ይጠሩ ይሆናል። ይህን ለማወቅ የሚጠይቀው የአንድ ቀን ድካም ብቻ ነው።