የእንጨት ቤተ መንግሥት አንዴ ታድሶ አይበቃውም

እስቲ እውነቱን እናውራ። ቅርስ ሲባል ብዙዎቻችን የሚታየን ድንጋይ ነው፤ አክሱም፣ ላሊበላ፣ ፋሲል ግቢ። ከመሃላችን ጅማ ያደጉት እንኳ ጂሬን የሚወጡት እንግዳ ሲመጣ ነው፤ ያውም ፎቶ ለመነሳት።

ጂሬን ከከተማው ሰባት ስምንት ኪሎ ሜትር ገደማ ወጣ ብሎ ያለ ኮረብታ ነው። ከ1878 እስከ 1932 (እ.ኤ.አ.) ጅማን የገዙት ዳግማዊ አባ ጅፋር ባለ ፎቅ ቤተ መንግሥታቸውን እዚያ ላይ አሠሩ፤ ምሰሶው፣ ሰገነቱ፣ ወለሉ እንጨት። ሀብቱ የመጣው ታች ካለው የሂርማታ ገበያ ነው። እዚያ ቡና፣ ዝባድና የዝሆን ጥርስ ይሸጥ ነበር፤ ሰውም ይሸጥ ነበር፣ ይህን መሸፋፈን አያስፈልግም። ጎረቤት ከፋ በ1897 በጦር ስትያዝ፣ ለምኒልክ የገበረችው ጅማ እስከ 1932 ራሷን እያስተዳደረች ቆየች።

ጦርነት ያልነካውን ቤት ግን ዝናብ ነካው። ጣውላው ለዓመታት ሲበሰብስ ቆይቶ በቅርብ ዓመታት እድሳት ተደረገለት። ደስ ብሎናል። የምንፈራው ከዚያ በኋላ ያለውን ነው።

ድንጋይ ችላ ቢሉት ይታገሣል፤ እንጨት አይታገሥም። ቡናችንን የሚያበቅለው ዝናብ ራሱ ነው ምሰሶውን የሚበላው። ጃፓኖች የኢሴን የእንጨት መቅደስ በየ20 ዓመቱ እንደ አዲስ ይሠሩታል፤ የመጨረሻው በ2013 ነበር። እነሱ የሚያቆዩት ቤቱን ብቻ አይደለም፣ አናጺውንም ጭምር ነው። ሽማግሌው ሠርቶ ያሳያል፣ ወጣቱ ተምሮ ይረከባል።

እኛስ ምን ጎደለን? የጅማ በርጩማ ከአንድ ግንድ ጠርቦ የሚያወጣ እጅ አለን። የምህንድስና ተማሪ የሞላበት ዩኒቨርሲቲ አለን። ከአጋሮና ከሊሙ ሥራ ፍለጋ የሚመጣ ወጣት አለ። ከመግቢያ ክፍያው ተቀንሶ ሁልጊዜ ክረምት ከመግባቱ በፊት ቤቱ ቢፈተሽ፣ ጥገናውም ለወጣት አናጺዎች ትምህርት ቤት ቢሆን ምን ይከብዳል? አለዚያ ከሃያ ዓመት በኋላ ሌላ እድሳት፣ ሌላ ሪባን ይቆረጣል፤ በመሃሉ ግን የቀድሞው ጣውላ እያለቀ፣ ሥራውን የሚያውቀውም ሰው እያለፈ ይሄዳል።

ጂሬን ስትወጡ ፎቶውን ተነሱ፣ ማን ከለከላችሁ! ግን ቀና ብላችሁ ጣሪያውን፣ ጎንበስ ብላችሁ የምሰሶውን ሥር እዩ። ከዚያ አስጎብኚውን አንድ ነገር ጠይቁልን፦ ይህን ቤት በሚቀጥለው ክረምት የሚጠብቀው ማነው?