የሚናገር ኮምፒዩተር፣ የማይነበብ ወረቀት

ማታ ማታ በመኝታ ቤቶች መተላለፊያና በቤተ መጻሕፍት ደረጃ ላይ ሁለት ተማሪዎች ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ አንዱ ሲያነብ ሌላው ሲሰማ ማየት ለሁላችንም የተለመደ ነገር ነው። ሰሚው ዐይነ ስውር ነው። ይህን ልማድ ልንነቅፈው አልተነሣንም፤ ከተማሪነት ወዳጅነታችን መልካም መልካሙ አንዱ ነውና። ነገር ግን አንባቢው ነገ የራሱ ፈተና ያለበት እንደ ሆነ ሰሚው ምን ይሁን? የሚያነብለት ሰው እስኪገኝ ድረስ መጽሐፉ ተዘግቶ ይቈያል። እንግዲህ የአንድ ሰው ትምህርት በሌላ ሰው ትርፍ ጊዜ ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ ማለት ነው። የተሰጠውም ፈተና ዕውቀቱን ይለካ ወይስ የወዳጆቹን ብዛት፣ መለየት ያስቸግራል።

ይህ ሁሉ የሚሆነው መሣሪያ ጠፍቶ ቢሆን ኖሮ ዝም ባልን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1976 አሜሪካዊው ሬይ ከርዝዌል የታተመ ጽሑፍ አይቶ በድምፅ የሚያነብ መኪና ሠርቶ ለሕዝብ ባሳየ ጊዜ፣ መሣሪያው በዋጋውም በግዝፈቱም ሰው በየቤቱ ሊያኖረው የሚችል አልነበረም። ዛሬ ያው ሥራ በኪስ ስልክ ይከናወናል። ከዚያም በላይ፣ ማይክል ከራን የተባለ አውስትራልያዊ ዐይነ ስውር እ.ኤ.አ. በ2006 የጀመረው፣ እንደ እርሱ ዐይነ ስውር የሆነው ጄምስ ቴህም በኋላ የተባበረው ኤንቪዲኤ የሚባል የኮምፒዩተር አንባቢ ፕሮግራም አለ። ይህ ፕሮግራም በኮምፒዩተሩ መስኮት ላይ ያለውን ጽሑፍ በድምፅ ይናገራል። ዋጋው ስንት ነው ቢሉ፣ ምንም። በነጻ ይታደላል። በየስብሰባው የበጀት እጥረት ሲጠቀስ መስማት ለለመደ ጆሮ ይህ እንግዳ ወሬ ሳይሆን አይቀርም።

ታዲያ ችግሩ ወዴት ነው? ችግሩ ከምንሰጠው ወረቀት ላይ ነው። መምህሩ የመጽሐፉን ገጽ በስልክ ፎቶ አንሥቶ በቴሌግራም ይልካል፤ ወይም አሥር ጊዜ ተባዝቶ የደበዘዘ ወረቀት ስካን ተደርጎ ይታደላል። ዐይን ላለው ሰው ይህ ጽሑፍ ነው። ለኮምፒዩተሩ ግን የጥቁርና የነጭ ነጥቦች ክምር እንጂ ፊደል አይደለም። ፊደል ለኮምፒዩተር ማለት ቊጥር ነው፤ እያንዳንዱ ሆሄ የራሱ መለያ ቊጥር ሲኖረው ብቻ መሣሪያው ያውቀዋል፣ ይናገረዋልም። ፎቶ ላይ ሲደርስ «ሥዕል» ብሎ ያልፋል። አርባ ገጽ ማስታወሻ አርባ ጊዜ «ሥዕል» ተብሎ ሲነበብ የሚሰማ ተማሪ ምን ይማራል?

ሁለተኛው ዐይነት ከዚህም የባሰ ተንኰለኛ ነው። የግዕዝ ፊደል በዓለም አቀፉ የዩኒኮድ ሠንጠረዥ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩት የአማርኛ መጻፊያ ፊደሎች የእኛን ሆሄ መልክ በላቲን ፊደል ቊጥር ላይ አልብሰው ነበር የሚሠሩት። በነዚህ የተጻፈ ሰነድ ለዐይን ጥርት ያለ አማርኛ ነው፤ መሣሪያው ሲያነበው ግን ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደልና የሥርዓተ ነጥብ ትርምስ ይወጣዋል። ከ25 ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ ዛሬም በዚህ አሮጌ ፊደል የተቀመጠ የኮርስ ማስታወሻ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ እናያለን።

እውነቱን ለመናገር የአማርኛው ድምፅ ራሱ ገና ብዙ ይጎድለዋል። ከኤንቪዲኤ ጋር የሚመጣው ኢስፒክ የሚባለው የድምፅ ፕሮግራም አማርኛ ይናገራል፤ ጣዕሙ ግን የቆርቆሮ ነው። ማይክሮሶፍት ያዘጋጃቸው አምሃና መቅደስ የሚባሉት ሁለት የአማርኛ ድምፆች ከዚህ ይልቅ ለሰው ይቀርባሉ፤ ሆኖም ኢንተርኔት ይፈልጋሉ፣ ኢንተርኔቱም መብራቱ ሲኖር ነው። ከሁሉ የሚከብደው የጽሕፈታችን ጠባይ ነው። እኛ የሚጠብቀውንና የሚላላውን በምልክት አንለይም። «ገና» በዓሉ ነው ወይስ «እስካሁን»? «ዋና» የወንዙ ነው ወይስ የበላዩ? «አለ» ተናገረ ነው ወይስ ይገኛል? አንባቢ ከዐረፍተ ነገሩ ይረዳዋል፤ መኪናው ግን ይሳሳታል። የቋንቋና የኮምፒዩተር ክፍል ተማሪዎች ለመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ አጣን እያሉ ሲንከራተቱ ስንሰማ፣ ይህን የመሰለ ያልታረሰ መሬት በደጃቸው ተኝቶ መቅረቱ ያስደንቀናል።

ስለ ሌሎቹ መሣሪያዎች በአጭሩ እንናገር። ነጥቦቹ በኤሌክትሪክ ኃይል ከጣት ሥር ብቅ ጥልቅ የሚሉበት የብሬል ሰሌዳ ድንቅ ነገር ነው፤ ዋጋው ግን ለተማሪ ቀርቶ ለመምህር የሚቀመስ አይደለም። የመስሚያ መሣሪያ ለሸመገሉ ወላጆቻችንና መስማት ለተሳናቸው ጓደኞቻችን ትልቅ እፎይታ ነው። ነገር ግን በብዙዎቹ ውስጥ ያለችው ትንሿ የዚንክ ባትሪ ሽፋኗ ተልጦ አየር ካገኛት ወዲያ ብትሠራም ባትሠራም ትደክማለች፤ ከአንድና ከሁለት ሳምንት በኋላ ሌላ መግዛት ግድ ነው። መሣሪያው በጭብጨባ ይታደላል፤ ባትሪው ግን ከየት እንደሚገዛ፣ ሲበላሽ ማን እንደሚጠግነው የሚናገር አይገኝም። አያቶቻችንም መሣሪያውን በመሐረብ ጠቅልለው ሣጥን ውስጥ ያስቀምጡታል። ለዚህ ነው ከውድ ስጦታ ይልቅ ነጻውን ፕሮግራምና ትክክለኛውን ሰነድ አስቀድመን የምናነሣው።

አንዳንዶች ይህን ሁሉ የጽድቅ ሥራ አድርገው ያዩታል። እኛ በዚህ አንስማማም። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 አካል ጉዳተኞችንና አረጋውያንን መርዳት በአቅም መጠን የመንግሥት ግዴታ መሆኑን ደንግጓል። አገራችን የአካል ጉዳተኞችን መብት የሚመለከተውን የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት እ.ኤ.አ. በ2010 አጽድቃለች። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጡት ዘገባ በዓለም ከ2.5 ቢሊዮን በላይ ሰው ቢያንስ አንድ አጋዥ መሣሪያ ያስፈልገዋል፤ መነጽርም ከዚሁ ይቈጠራል። እንግዲህ መነጽር ያደረገ መምህር በአጋዥ መሣሪያ እየተጠቀመ ያስተምራል ማለት ነው። መነጽሩን ምጽዋት ነው ያለው ሰው ግን የለም።

መምህራኖቻችንን በአክብሮት የምንጠይቀው ቀላል ነገር ነው፦ ማስታወሻውን ሲጽፉ በዩኒኮድ ይጻፉ፤ ለክፍሉም የተተየበውን ሰነድ እንጂ ፎቶውን ብቻ አይስጡ። «ሰነዱን ከሰጠሁ ማስታወሻዬ ተሰርቆ በየቦታው ይበተናል» የሚል ስጋት ሰምተናል። ፎቶውም እኮ እየተበተነ ነው፤ የቀረው ዐይነ ስውሩ ብቻ ነው። የመጽሐፍ ባለቤትነት መብት ይነካል ለሚሉም፣ ዐይነ ስውራንና ኅትመት ማንበብ የማይችሉ ሰዎች የታተመ ሥራ በሚመቻቸው መልክ ተዘጋጅቶ እንዲደርሳቸው የሚፈቅደው የማራካሽ ስምምነት እ.ኤ.አ. በ2013 ተፈርሟል፤ ኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. በ2020 ገብታበታለች። በዚህ ፈቃድ የሚሠራው እንደ ቤተ መጻሕፍት ያለ ተቋም ስለ ሆነ፣ የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊዎች ሥራውን ይረከቡ ዘንድ እንለምናለን።

ተማሪዎች ሆይ፣ ለእኛም የሚደርሰን ድርሻ አለ። ስካን የተደረገውን ወደ ፊደል የሚመልሱ ፕሮግራሞች ለአማርኛም አሉ፤ ነገር ግን «ለ»ን ከ«ሰ» እያምታቱ ስለሚመልሱት አንድ ሰው ተቀምጦ ማረም አለበት። በሳምንት ሁለት ሰዓት የሚሰጥ ተማሪ አንድ ምዕራፍ ያርማል፤ ያ ምዕራፍ ለዘንድሮው ብቻ ሳይሆን ለከርሞውም ተማሪ ያገለግላል። ጮኾ የተነበበው ግን በዚያው ማታ ያልቃል።

የዚህች ጋዜጣ ጽሑፍ በስቴንስል ከመባዛቱ በፊት በኮምፒዩተር የተተየበ ስለ ሆነ፣ ቅጂው በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ይገኛል፤ ፍላሽ ይዞ የመጣ ሁሉ ይወስዳል። ለማረም ፈቃደኛ የሆኑም ስማቸውን እዚያው ያስመዝግቡ። መጀመሪያ የሚታረሙት የአንደኛ ዓመት የጋራ ኮርሶች ናቸው፤ ሌላ ኮርስ ይቅደም የሚል ዐይነ ስውር ተማሪ ካለ ግን የእርሱ ይቀድማል።