መወሰን አይቻልም

የእህቴ ልጅ ለ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ስትዘጋጅ ከአፕቲትዩድ መለማመጃዋ አንድ ጥያቄ ይዛ መጣች። «ሁሉም የመርካቶ ነጋዴዎች ግብር ይከፍላሉ። አንዳንድ ግብር ከፋዮች ሀብታሞች ናቸው። ስለዚህ አንዳንድ የመርካቶ ነጋዴዎች ሀብታሞች ናቸው።» ምርጫዎቹ «ትክክል»፣ «ስህተት» እና «ከተሰጠው ተነስቶ መወሰን አይቻልም» የሚሉ ናቸው። አስጠኚዋ «ትክክል» የሚለው ላይ ምልክት አድርጎላታል። መርካቶ ሀብታም ጠፍቶ ነው እንዴ?

አልጠፋም። ጥያቄው ግን ስለ መርካቶ አይደለም። እስቲ በዚያው ቅርጽ ሌላ ነገር እንሙላበት፦ ሁሉም ድመቶች እንስሳት ናቸው፤ አንዳንድ እንስሳት ቀንድ አላቸው፤ ስለዚህ አንዳንድ ድመቶች ቀንድ አላቸው። አሁንስ ጎበዝ? ቀንዳሞቹ እንስሳት ድመት እንዳልሆኑ ሁሉ፣ ሀብታሞቹ ግብር ከፋዮችም በሙሉ ከመርካቶ ውጭ ሊሆኑ ይችላሉ። መልሱ ሦስተኛው ነው።

ተገላቢጦሹም አለ። «ሁሉም ወንዞች ባሕር ይደርሳሉ፤ አዋሽ ወንዝ ነው፤ ስለዚህ አዋሽ ባሕር ይደርሳል» ቢባል፣ አዋሽ አቤ ሐይቅ ገብቶ እንደሚቀር የተማረች ልጅ «ስህተት» ትላለች። ስህተቱ ያለው መነሻው ላይ ነው። መነሻውን ከተቀበልን ድምዳሜው የግድ ይከተላል፤ የተጠየቀችውም ይኸው መከተሉን ብቻ ነው። አርስቶትል ይህን ከለየው ከ2,300 ዓመት በላይ ሆነው።

እኔን ያናደደኝ የአስጠኚው መሳሳት አይደለም፤ ማንም ይሳሳታል። «ሦስተኛው ምርጫ ማሟያ ነው፣ አትንኩት» ብሎ ማስተማሩ ነው። በሰዓት እየከፈልን የምንገዛው ይህንን ነው! ግን እሱስ ከየት አመጣው? ከኛው ነዋ። በላ ልበልሃ እየተባባለ አደባባይ ሲሟገት የኖረ ሕዝብ፣ ዛሬ «አላውቅም» ማለትን እንደ ሽንፈት ይቆጥረዋል።

ከራሴ ልጀምር። አንድ ጊዜ ቤቴ ገንዘብ ጠፋ። ሠራተኛችን ስትጠየቅ ደነገጠች፤ ላብ አጠመቃት። «የሰረቀ ይደነግጣል፤ ደነገጠች፤ ስለዚህ ሰረቀች» ተባለ። ያልሰረቀስ ሰው ሲጠረጠር አይደነግጥም? ስንት ዓመት ተማሪ ፊት ቆሜ «ገጸ ባሕርይዋ ለምን አለቀሰች?» እያልኩ ስጠይቅ የኖርኩት ሰውዬ፣ ያን ዕለት ሶፋው ላይ ተቀምጬ ዝም አልኩ። ልጅቱ ልብሷን በፌስታል ቋጥራ በዚያው ምሽት ወጣች።

ገንዘቡ እስካሁን አልተገኘም። ትውሰደው አትውሰደው አላውቅም።

የእህቴ ልጅ መልሷን ሰርዛ ሦስተኛውን መርጣለች። አስጠኚው ከተከራከራት ስለ ድመቶቹ ቀንድ እንድትጠይቀው ነግሬያታለሁ።