«ድንገት ተሰበረ» ስለሚባለው ነገር

በአርሲ ምድር ትራክተር እንግዳ ነገር አይደለም። የጭላሎ የእርሻ ልማት ሥራ በ1960 ዓ.ም. ከተጀመረበት ጊዜ አንሥቶ በስንዴ ማሳችን ላይ ሲመላለስ ኖሯል። ጥማድ በሬ ብዙ ቀን የሚፈጅበትን እርሻ እርሱ በጥቂት ሰዓት ይጨርሳል። ስለዚህ እኔ ትራክተርን የምነቅፍ ሰው አይደለሁም። የምነቅፈው አደጋ በደረሰ ቁጥር ከአፋችን የማይጠፋውን «ድንገት ተሰበረ» የሚለውን አነጋገር ነው። ይህ አነጋገር በደለኛውን ሸፍኖ ተበዳዩን የሚያስወቅስ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

አስቀድሜ ነገሩን ለማያውቁ አንባብያን ላስረዳ። የትራክተር ሹፌር የመኪናውን ኃይል የሚገዛው በእግሩ ነው። በግራ እግሩ ፍሪሲዮኑን ይረግጣል፤ በቀኝ እግሩ በኩል ደግሞ ሁለት የፍሬን ፔዳሎች አሉ። አንዱ የግራውን፥ ሌላው የቀኙን የኋላ ጎማ ይይዛል። በማሳ ውስጥ ለመታጠፍ አንዱን ብቻ መርገጥ ይጠቅማል፤ በመንገድ ላይ ግን ሁለቱ በመቀርቀሪያ ተያይዘው እንደ አንድ መረገጥ አለባቸው። በብዙዎቹ ትራክተሮች የፔዳሉን ጉልበት ወደ ጎማው የሚያደርሰው አንድ ዘንግ ነው። ዘንጉን ከፔዳሉ ጋር የሚያገናኘው የጣት ውፍረት ያለው ብረት ሲሆን፥ ያ ብረት ወልቆ እንዳይወድቅ የሚጠብቀው በጫፉ የተሰካ ትንሽ ሽቦ ነው። እንግዲህ ከ20 ኩንታል በላይ የሚመዝነው መኪና በዚህች ሽቦ የተያዘ መሆኑን ልብ ማለት ይገባል። በአንድ ፔዳል ብቻ በሚነዱት አዳዲስ ትንንሽ ትራክተሮችም ላይ፥ ፔዳሉን ወደ ቦታው የሚመልሰው ሞላ ወይም ዘንግ ቢሰበር፥ ሹፌሩ እግሩን ቢያነሣም መኪናው ላይቆም ይችላል።

በ2016 ዓ.ም. ሰኔ ወር በመንደራችን የሆነውን ልንገራችሁ። አንድ የኪራይ ትራክተር በተሳቢው ማዳበሪያ ጭኖ ቁልቁለት ሲወርድ የግራው ፍሬን ዘንግ ከፔዳሉ ተላቀቀ። ሹፌሩ ሁለቱን ፔዳሎች በአንድነት ቢረግጥም የያዘው የቀኙ ጎማ ብቻ ስለ ነበር፥ ትራክተሩ ወደ ቀኝ ታጥፎ ከቦይ ገባ። በጎማው መሸፈኛ ላይ ተቀምጦ የነበረው የ9ኛ ክፍል ተማሪ ወድቆ እግሩ ተቀጠቀጠ፤ እስከ ዛሬ ድረስም ወደ ትምህርቱ አልተመለሰም። ሰው ሁሉ «ድንገት ተሰበረ፤ ሹፌሩም ቸኩሎ ነበር» አለ። ሹፌሩም ከሥራው ተሰናበተ። ፔዳሉ ባዶውን እንደሚወርድ ከሦስት ቀን በፊት ለባለቤቱ ነግሮት እንደ ነበር የሰማነው ግን ከቆየን በኋላ ነው።

ታዲያ ይህ ድንገት ነውን? አንድ ሽቦ ይዛችሁ ወዲያና ወዲህ ደጋግማችሁ እጠፉት። በመጀመሪያው እጥፋት አይሰበርም፤ በአሥረኛውም ላይሰበር ይችላል፤ በመጨረሻ ግን በአንዲት ቀላል እጥፋት ለሁለት ይከፈላል። የሰበረችው ያቺ የመጨረሻዋ እጥፋት ብቻ አይደለችም፤ ከእርስዋ በፊት የነበሩት ሁሉ ናቸው። በቀን ብዙ መቶ ጊዜ የሚረገጥ ፔዳልም እንዲሁ ነው። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል እንደሚባለው፥ ብረቱም እየተበላ፥ ቀዳዳው እየሰፋ፥ ፔዳሉ እየላላ ወይም ዝጎ እየከበደ ምልክቱን ሲሰጥ ይቆያል።

እርግጥ ነው፥ ዓይን የማያየው ስንጥቅ ይኖራል። ስለዚህ ምርመራ ብቻውን አይበቃም። ሹፌር ቁልቁለት ከመጀመሩ በፊት ከባድ ማርሽ ማስገባት አለበት፤ ፍሪሲዮን ረግጦ የሚወርድ ሰው የሞተሩን መያዣነት አጥቶ ተስፋውን ሁሉ በፍሬን ላይ ይጥላልና። ብዙ አሮጌ የናፍጣ ሞተሮች በቁልፍ ሳይሆን በሚሳብ እጀታ ስለሚጠፉ፥ ትራክተሩን ሳይነዳ በፊት የእጀታውን ቦታ ማወቅ አለበት። እግር ከፍሪሲዮን ላይ በድንገት ቢያመልጥ ደግሞ ትራክተሩ ፊቱን አንሥቶ 2 ሰከንድ ባልሞላ ጊዜ ወደ ኋላ ሊገለበጥ ይችላል። ስዊድን በ1959 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር አዳዲስ ትራክተሮች የመገልበጥ መከላከያ ብረት እንዲኖራቸው ያዘዘችው እንዲህ ስላለው አደጋ ነው፤ ከዚያም በኋላ በመገልበጥ የሚሞተው ሰው እጅግ ቀነሰ። መከላከያው ያለበት ሹፌር ቀበቶውን ይሠር፤ መከላከያ በሌለበት ትራክተር ላይ ቀበቶ ማሠር ግን ራስን ከሚወድቀው ብረት ጋር ማሠር ነው። ከሁሉም በላይ፥ በጎማው መሸፈኛ ላይ ማንም ሰው አይቀመጥ።

የትራክተር ባለቤቶች «በእርሻ ወቅት አንድ ቀን መቆም ኪሳራ ነው» ይላሉ። እውነታቸውን ነው፤ ዝናብ ማንንም አይጠብቅም። ዳሩ ግን ፔዳሉን ለማየት የሚያስፈልገው አንድ ቀን ሳይሆን ጠዋት 10 ደቂቃ ነው። የዚያች ሽቦ ዋጋም ከአንድ ሄክታር የእርሻ ኪራይ ጋር የሚወዳደር አይደለም። ችግሩ የገንዘብ ማነስ ሳይሆን የሹፌሩ ቃል አለመሰማት ነው። «ፍሬኑ ልክ አይደለም» ብሎ መኪናውን ያቆመ ሹፌር ደመወዙ ሊቆረጥበት አይገባም ብዬ አምናለሁ። ሥራውን ያጣል ብሎ የሚፈራ ሰው አደጋውን እያየ ይነዳልና።

እኛም ተማሪዎች የምንሠራው አለን። የትራክተሩ መመሪያ መጽሐፍ በእንግሊዝኛ ተጽፎ ከባለቤቱ ሣጥን ውስጥ ተቆልፎ ይኖራል። እንግሊዝኛ የምንማረው ፈተና ለማለፍ ብቻ ካልሆነ፥ በመምህሮቻችን መሪነት የጠዋቱን ምርመራ በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ በአንድ ገጽ ጽፈን በየመንደራችን ላሉት ሹፌሮች እንስጥ። ወላጆቻችንም ትራክተር ሲከራዩ ስለ ዋጋው ብቻ ሳይሆን ስለ ፍሬኑም ይጠይቁ፤ ልጆቻቸውንም ከላዩ ያውርዱ።

አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ብለዋል። ሹፌሩ ፔዳሉ ላልቷል ባለበት ቀን ብንሰማው ኖሮ፥ አንድ የትምህርት ቤት ወንድማችን ዛሬ በመካከላችን ተቀምጦ ይህን መጽሔት ያነብ ነበር።