ዩፒኤሱን ማን ፈተነው?

መብራት ሲሄድ ኮምፒውተሩም አብሮ የሚሄድ ከሆነ ከጠረጴዛው ሥር አቧራ ለብሶ የተቀመጠው ዩፒኤስ ምን እየሠራ ነው? አረንጓዴው መብራትማ በርቷል። ግን አረንጓዴው መብራት በአብዛኛው የሚነግረን ከግድግዳው ኤሌክትሪክ እየደረሰ መሆኑን ነው። ስለ ባትሪው ጤና መስክሮ አያውቅም፤ ያልተናገረውን የሰማነው እኛ ነን። ጢጥ ጢጥ ማለት ሲጀምር ደግሞ ምን እናደርጋለን? ድምፁን የሚያጠፋውን ቁልፍ እንፈልጋለን።

ዋናው ጥያቄ ግን ለጥገና ቤቶች ነው። ደንበኛ «አልይዝ አለኝ» ብሎ ሲመጣ ቴስተር አውጥቶ የባትሪውን ሁለት ጫፎች መንካትና «12.6 ያሳያል፣ ባትሪው ደህና ነው፣ ቦርዱ ነው የተበላሸው» ማለት ፍተሻ ነው? ያረጀ ባለ 12 ቮልት ባትሪ ቻርጅ ተደርጎ ሥራ ፈት ሲቀመጥ ከ12.5 በላይ ሊያሳይ ይችላል። ጭነት ሲያርፍበት ግን በሰከንዶች ውስጥ ወደ 10.5 ይወርድና ዩፒኤሱ ራሱን ይዘጋል። ያለ ጭነት ቮልቱን ብቻ ለክቶ መፍረድ በሬውን በረት ውስጥ ቆሞ አይቶ «ያርሳል» እንደማለት ነው። ለዚህስ የሚከፈለው ገንዘብ የምን ዋጋ ነው?

ደግሞም እውነተኛው ፍተሻ ውድ መሣሪያ ቢጠይቅ ኖሮ ይቅርታ ይደረግ ነበር። ዩፒኤሱ ሌሊቱን ቻርጅ ሲደረግ ያድራል። ኮምፒውተሩ ተነቅሎ በምትኩ ሁለት ባለ 100 ዋት የድሮ አምፖሎች ይሰካሉ (ኤልኢዲ ለዚህ አይሆንም፤ የሚስበው ኃይል ትንሽ ነው)። ከዚያ ብሬከሩ ይጠፋና ሰዓት ይያዛል። ሶኬቱን ከመንቀል ብሬከሩን ማጥፋት ይመረጣል፤ ሶኬቱ ሲነቀል የመሬት መስመሩም አብሮ ይነቀላልና። ዩፒኤሱ አዲስ ሳለ ከያዘው ደቂቃ ዛሬ ግማሹን ካልያዘ ባትሪው የሚቀየርበት ጊዜ ደርሷል። አዲስ ሳለ ስንት ደቂቃ ይዞ ነበር? ይህን በገዛበት ሳምንት ፈትኖ፣ ቀኑንና ደቂቃውን ፕላስተር ላይ ጽፎ ከጀርባው የለጠፈ ማን አለ?

ካርቶኑስ ስለ ደቂቃ ምን ይላል? በትልቁ የተጻፈው «650 ቪኤ» ነው። ውስጡ በአብዛኛው ያለው አንድ ባለ 12 ቮልት፣ ባለ 7 አምፒር-ሰዓት ባትሪ ነው። ሲባዛ 84 ዋት-ሰዓት፤ 200 ዋት ለሚወስድ ኮምፒውተር ሲካፈል 25 ደቂቃ ይመጣል። ስሌቱ ትክክል ነው፣ ባትሪው ግን በዚህ ስሌት አይሠራም። ያ 7 የሚለው ቁጥር የተለካው ባትሪው በ20 ሰዓት ውስጥ ቀስ እያለ ሲያልቅ ነው። በደቂቃዎች ውስጥ ሲጨመቅ ከግማሽ ብዙም አይዘልም፤ ኃይሉን የሚለውጠው ክፍልም የራሱን ድርሻ ይወስዳል። ስለዚህ 10 ደቂቃ ገደማ ከያዘ ግዴታውን ተወጥቷል። ሥራን ሴቭ አድርጎ ኮምፒውተሩን ለመዝጋት ይበቃል። ታዲያ ቴሌቪዥን ሰክተን የኳሱን ግማሽ ለመጨረስ የምንሞክረው፣ ባትሪውን በሳምንት ሦስት ጊዜ እስከ ጥግ አውርደን በዓመቱ ሲሞት «ዕቃው ፌክ ነው» የምንለው በምን ሒሳብ ነው? ከ3 እስከ 5 ዓመት ይቆያል የሚባለው መብራት አልፎ አልፎ በሚጠፋበትና ሙቀቱ ከ25 ዲግሪ በማያልፍበት ቤት ነው። ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲጨምር ዕድሜው በግማሽ ገደማ ይቀንሳል። የአዲስ አበባ ሰው አየሩን ያመስግን፤ የድሬዳዋ ሰው ምን ይበል?

ልቀይር ብሎ መርካቶ የወረደስ «አዲስ» የተባለው ባትሪ መቼ እንደተመረተ ይጠይቃል? ከፋብሪካ ወጥቶ ባሕር አቋርጦ፣ ጅቡቲ ወርዶ፣ ሞጆ ደረቅ ወደብ ከርሞ መደርደሪያ ላይ እስኪወጣ ድረስ ባትሪው ዝም ብሎ አይጠብቅም። በየወሩ 3 በመቶ ገደማ እየደከመ ይሄዳል፤ በሙቀት ደግሞ ይፈጥናል። ባዶውን ሲከርም በውስጡ ባሉት የእርሳስ ሰሌዳዎች ላይ ሰልፌት ይጋግርና ጉልበቱ አይመለስም። አምራቾች መጋዘን ውስጥ ያለ ባትሪ በየስድስት ወሩ ቻርጅ ይደረግ ይላሉ። የትኛው ሱቅ ነው የሚያደርገው? ይህን ሳያደርግስ «ባትሪ ዋስትና የለውም» የሚል ወረቀት የሚለጥፈው በምን ሞራል ነው? አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ ጥራትና ዓይነት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት ሰጥቶታል። የተመረተበት ቀን ከዚህ መረጃ ውጪ ነው?

መቀየሩ ራሱ ብዙ የሚያወራ ነገር የለውም፦ ሁሉን መንቀል፣ ቮልቱና መጠኑ አንድ የሆነ ባትሪ ማስገባት፣ ቀዩን ከፖዘቲቭ ማገናኘት፤ ሁለት ባትሪ ያለው ከሆነ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ መቀየር። አንዳንድ ብልጥ ባለሙያ ግን ሽቦ ቀጥሎ የመኪና ባትሪ ያስርበታል። ለደቂቃዎች ሥራ ታስቦ የተሠራው ቦርድ ለሰዓታት ሲግል ማን ይጠየቃል? ያ ሁሉ ባትሪ ቻርጅ ሲደረግ የሚያወጣው ሃይድሮጅን መኝታ ቤት ውስጥ ሲጠራቀምስ?

የወጣው አሮጌ ባትሪ ደግሞ ከ2 ኪሎ በላይ ይመዝናል፤ አብዛኛው እርሳስ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለሰውነት ጉዳት የለውም የሚባል የእርሳስ መጠን አይታወቅም ይላል። አምራቹም ፕላስቲኩ ላይ የቆሻሻ ቅርጫት ሥሎ ሰርዞበታል። እኛ ግን ለቆራሌው እንሰጠዋለን። እሱ ምን ያድርግ? የሚሸጥለት እርሳሱ ነው፤ ሌላው ይፈስሳል ወይም ይቃጠላል። ባትሪውን በኮንቴይነር የሚያስገባው አስመጪ፣ በትርፍ የሚሸጠው ሱቅ፣ አሮጌውን ተረክቦ ከአዲሱ ዋጋ ላይ ጥቂት ቢቀንስ ምን ይጎድልበታል?